«አራት ማዕዘን» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ አነስተኛ የብረታ ብረት ቤት አለኝ። በቅርቡ አንድ ደንበኛ «ባለ አራት ማዕዘን የመስኮት ፍሬም፣ ትይዩ ጎኖቹ እኩል የሆኑ፣ 120 በ150» ብሎ በወረቀት ጽፎ አዘዘን። ሠራተኛዬ ሠራው። አራቱም ጎን በሜትር ሲለካ ልክ ነው፤ ግድግዳው ላይ ሲሞከር ግን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ሆኖ አልገባም። ደንበኛው «አራት ማዕዘን ነው እኮ ያልኩት» ይላል። ሠራተኛዬ ደግሞ «አራት ማዕዘን ነው፣ ከፈለግህ ቁጠረው» ይላል። በአማርኛው ማናቸው ልክ ናቸው? ሌላም አለኝ፤ 6ኛ ክፍል ያለችው ልጄ ደብተሯ ላይ «ካሬ ሬክታንግል ነው» ብላ ጽፋ አየሁና «ካሬማ ካሬ ነው» ብዬ ሰረዝኩባት፤ አኮረፈችኝ። ደግሞስ ማዕዘን የሚጻፈው በዐይኑ «ዕ» ነው በአልፋው «እ»?

መልስ፦ በቃሉ ከሄድን ሠራተኛዎ ልክ ነው፤ በልማዱ ከሄድን ደንበኛዎ። ልጅዎ ግን በየትኛውም መንገድ ልክ ናትና ዛሬውኑ ይታረቋት። ምክንያቱን ወደ ታች እንደርስበታለን።

«ማዕዘን» ጂኦሜትሪ ከመግባቱ በፊት የቤት ቃል ነበር፤ ሁለት ግድግዳ የሚጋጠምበት ቦታ ማለት ነው። «የማዕዘን ድንጋይ» ስንል ዲግሪ የሚያስብ ሰው የለም፤ ሁለቱን ግንብ አንድ ላይ የሚይዘውን ድንጋይ ነው የምናስበው። «ሕዝቡ ከአራቱም ማዕዘን ተሰበሰበ» ሲባል ደግሞ ቃሉ አቅጣጫ ሆኗል። እንግዲህ «አራት ማዕዘን» ራሱን ችሎ ሲቆም የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የጥጎቹን ብዛት። ጥጎቹ ምን ያህል እንደተከፈቱ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ታዲያ 90 ዲግሪው ከየት መጣ? ከዓይናችን ነው። በሩ፣ መስኮቱ፣ ጠረጴዛው፣ ደብተሩ፣ የስልኩ መስታወት ሳይቀር በየቀኑ የምናየው ባለ አራት ጥግ ዕቃ ሁሉ ጥጉ 90 ነው። ቃሉ ከዕቃው ጋር ሲኖር የዕቃውን ባሕርይ ወረሰ። ስለዚህ ገበያ ላይ «አራት ማዕዘን መስኮት» ያለ ሰው የተዛነፈ መስኮት ማለቱ እንዳልሆነ ሠራተኛዎም ያውቃል፤ «ቁጠረው» ማለቱ ብልጠት ነው።

ልብ ይበሉ፤ «ሦስት ማዕዘን» ላይ እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ አይነሳም። ምክንያቱ ቋንቋው ላይ ሳይሆን ቅርጹ ላይ ነው ያለው። ሦስት ብረት ቆርጠው ጫፍ ለጫፍ ቢያያይዙ የሚወጣው ቅርጽ አንድ ብቻ ነው። ጎኖቹ ከታወቁ ማዕዘናቱም አብረው ታወቁ፤ ገፍተው ሊያዘነብሉት አይችሉም። አራት ብረት ካያያዙ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥጎቹ እስኪበየዱ ድረስ ገፋ ሲያደርጉት ይተኛል፣ ሳብ ሲያደርጉት ይነሳል፤ የጎኖቹ ርዝመት ቅንጣት ሳይለወጥ ማዕዘኑ እንደፈለገ ይለዋወጣል። ትልልቅ የግቢ በሮች ላይ ከታች ጥግ ወደ ላይ ጥግ በሰያፍ ብረት የሚጣለው ለዚህ ነው። ያ ሰያፍ አራቱን ጎን ለሁለት ሦስት ማዕዘን ይከፍለዋል፤ ሦስት ማዕዘን ደግሞ አይተኛም። «አራት ማዕዘን፣ 120 በ150» የሚለው ትእዛዝ እንዳልተበየደው ፍሬም ነው፤ ቁጥሩ ሁሉ ተነግሮ ቅርጹ ገና አልተወሰነም።

የእርስዎን ፍሬም በቁጥር እንየው። ወርዱ 120፣ ቁመቱ 150 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 2 ዲግሪ ብቻ አዘነበለ እንበል። ማዕዘናቱ ተራ በተራ 92፣ 88፣ 92፣ 88 ይሆናሉ። የላይኛው ብረት ከታችኛው አንጻር 5 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ይሸሻል፤ ከፍታው የሚቀንሰው ግን አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሜትር ይዞ ወርድና ቁመት የለካ ሰው ምንም ጥፋት የማያገኘው ለዚህ ነው፤ ስህተቱ ጎኖቹ ላይ የለምና። ያለው ሰያፉ ላይ ነው። ትክክለኛው 120 በ150 ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ ሁለቱም ሰያፎች 192.1 ሴንቲ ሜትር ናቸው። በ2 ዲግሪ ያዘነበለው ግን አንዱ ሰያፉ 195.3፣ ሌላው 188.8 ይመጣል። ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል ልዩነት በባዶ ዓይንም ያስታውቃል። አንድ ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ እንኳ ሁለቱ ሰያፎች በ3 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ይለያያሉ። ትንሿ ስኳድራ፣ የጥግን 90 ዲግሪ መመርመሪያዋ የእጅ መሣሪያ፣ ያላሳየችውን ሰያፉ ያሳያል፤ ስኳድራዋ የምታየው የጥጉን አንድ ስንዝር ብቻ ስለሆነ ነው።

እዚህ ላይ ከባለሙያዎች አፍ የማይጠፋ አንድ ግማሽ እውነት አለ፦ «ሰያፉ እኩል ከመጣ ስኳድራ ነው»። ሁልጊዜ አይደለም። ታችኛው ብረት 120፣ ላይኛው በቆረጣ ስህተት 118፣ ሁለቱ ቋሚዎች 150 ቢሆኑና ፍሬሙ ከመሃል ወደ ሁለቱም ወገን እኩል ቢጠብ ሁለቱም ሰያፎች 191.5 አካባቢ ይመጣሉ፤ እኩል ናቸው። ቅርጹ ግን ሬክታንግል (አራቱም ጥጉ 90 የሆነ) ሳይሆን ትራፒዚየም (ላይና ታቹ የማይገናኙ፣ ግራና ቀኙ ግን እየተጠጋጉ የሚሄዱ) ነው፤ አንዱም ጥግ 90 አይደለም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ፊት ለፊት ያሉት ብረቶች እኩል መሆናቸውን ያረጋግጣሉ፣ ቀጥሎ ሰያፎቹን ያመሳክራሉ። ሁለቱም ሲያልፉ አራቱም ጥግ 90 ነው፤ ሌላ መለኪያ አያስፈልግም። ሰያፎቹ ካልተስማሙ የረዘመውን ይዞ ወደ ውስጥ መግፋት ነው፤ ይህም የሚቻለው ጥጎቹ በነጥብ ብቻ ተይዘው ሙሉ ብየዳው ገና ሳይጀመር ነው። ሙሉ ብየዳውም ከአንድ ወገን ብቻ ከተሳበ ብረቱ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ጥጉን ወደ ራሱ ይጎትተዋል። ልክ የነበረው ፍሬም ጠረጴዛ ላይ እያለ የሚዛነፈው በዚህ ነው፤ ጥጎቹን እያፈራረቁ መበየድና መሃል ላይ ሰያፉን ደግሞ መለካት ይሻላል።

ከቆርቆሮና ከቱቦላሬ ወደ ደብተር እንመለስ። የትምህርት መጻሕፍት ይህን መደናገር ለማጥራት ለማንኛውም በአራት ቀጥ ያሉ ጎኖች ለተዘጋ ምስል «ጎነ አራት» የሚል ስም ሰጥተውታል፤ ጥጉ 90 ለሆነው ደግሞ «ሬክታንግል» የሚለውን የውጭ ቃል ይጠቀማሉ። «ጎነ አራት» አሠራሩ ግዕዛዊ ነው፤ «ርእሰ ከተማ»፣ «ቤተ ክርስቲያን» እንደምንለው የመጀመሪያው ቃል መጨረሻው ግዕዝ ሆኖ ከሁለተኛው ጋር ይናበባል። ለክፍል ጥሩ ቃል ነው፣ አጭርም ነው። ለወርክሾፕ ግን «ባለ አራት ጎን» ይበልጣል ባይ ነኝ፤ ማንም ሳይተረጎምለት ይገባዋል። «ሬክታንግል»ን «አራት ማዕዘን» ብለው የሚያስተምሩ መምህራን አሁንም ብዙ ናቸው። ይህን ማድረግ ይቻላል፤ ግን ያኔ ለጠቅላላው ቤተሰብ ሌላ ስም መያዝ ግድ ነው። አንዱን ቃል ለአባትም ለልጅም ከሰጡት ልጁ ሲጠራ አባት አቤት ይላል።

ችግሩ የት እንደሚታይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ «የአራት ማዕዘን ማዕዘናት ድምር 360 ዲግሪ ነው።» ተማሪው «አራት ማዕዘን»ን ሬክታንግል ብሎ ሰማ፤ አራት ጊዜ 90፣ 360፣ አለቀ። እውነት ነው፤ ግን የተነገረው ነገር ግማሹ አልደረሰውም። ድምሩ 360 የሚሆነው ጥጎቹ 90 ስለሆኑ ሳይሆን ጎኖቹ አራት ስለሆኑ ነው። ማንኛውንም ጎነ አራት በአንድ ሰያፍ ቢከፍሉት ሁለት ሦስት ማዕዘን ይወጣል፤ የአንዱ ሦስት ማዕዘን ድምር 180፣ የሁለቱ 360። ልጅዎ እንድታምንበት ከፈለጉ አራት ጎኑ አራት ዓይነት ርዝመት ያለው ወረቀት ይቁረጡላትና አራቱን ጥጎች በእጅ ይቅደዱ፤ በመቀስ አይሁን፣ የተቀደደው ወገን የትኛው እንደሆነ እንዲለይ ነው። አራቱን ሹል ጫፎች አንድ ነጥብ ላይ ሲገጥሟቸው ክፍተት ሳይተው ተደራርበውም ሳይገቡ ዙሪያውን ይሞሉታል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ «የማንኛውም ጎነ አራት የውስጥ ማዕዘናት ድምር 360 ዲግሪ ነው» ቢባል ይጠራል። «ማዕዘን»ን ሁለት ጊዜ ከመደርደርም ያድናል።

በነገራችን ላይ የብዙ ቁጥሩም ወጥመድ አለበት። «አራት ማዕዘኖች» ሲባል የአንድ ምስል አራት ጥጎች ናቸው ወይስ ብዙ ሬክታንግሎች? ከዓረፍተ ነገሩ ካልሆነ በቀር መለያ የለውም። «ሁለት አራት ማዕዘኖች» ብሎ መጻፍም ለአንባቢ የሂሳብ ጥያቄ መምሰሉ አይቀርም። «ሁለት ሬክታንግሎች» ይበሉ፤ የውጭ ቃል ነው ብሎ ማፈር አያስፈልግም። «ካሬ»ስ የፈረንሳይ፣ «ስኳድራ»ስ የጣልያን አይደሉም እንዴ?

አሁን ወደ ዋናው አደናጋሪ ቃል፣ ወደ «ትይዩ»። ደንበኛዎ «ትይዩ ጎኖቹ እኩል የሆኑ» ብሎ ሲጽፍ ቅርጹን የቆለፈው መስሎት ነበር። «ትይዩ» ከ«ተያየ» የወጣ ነው፤ የሚተያዩ፣ ፊት ለፊት ያሉ ማለት። ባጃጅ ውስጥ «ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ትይዩ አውርደኝ» ያለ ሰው ማዶ፣ ፊት ለፊቱ ማለቱ ነው። ጂኦሜትሪ ግን ይህንኑ ቃል ወስዶ ሌላ ሥራ ሰጠው፦ የቱንም ያህል ቢረዝሙ የማይገናኙ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት የማይለወጥ መስመሮች፣ እንደ ባቡር ሐዲድ። ፊት ለፊት ለሆነው ደግሞ «ተቃራኒ» ተባለ፤ ጎን ለጎን ለሚነካካው «ተጎራባች»፣ ከ«ጎረቤት» ጋር አንድ ዘር ነው። የመጨረሻው ቃል ያማረ ምርጫ ነው። «ተቃራኒ» ላይ ግን ትንሽ ቅሬታ አለኝ። በዕለት ንግግር ተቃራኒ የሆኑ ነገሮች የማይስማሙ ናቸው፤ «ተቃራኒ ጎኖች እኩል ናቸው» ሲባል ሕፃን ልጅ ግር ቢለው አይፈረድበትም። ቢሆንም ሥር ሰድዷል፤ መተው አይቻልም። አጠገቡ አንድ ጊዜ «ፊት ለፊት ያሉ» ብሎ ማስረዳት ይበቃል።

የመንገዱ «ትይዩ» እና የክፍሉ «ትይዩ» አንድ ላይ የሚጋጩበትን ቦታ ይመልከቱ፦ «በትራፒዚየም ትይዩ ጎኖች እኩል አይደሉም፤ ትይዩ ያልሆኑት ግን እኩል ሊሆኑ ይችላሉ።» በጂኦሜትሪው ጆሮ ጥርት ያለ ነው። ላይና ታች ያሉት አይገናኙም፣ ርዝመታቸውም ይለያያል፤ ግራና ቀኝ ያሉት ቢራዘሙ ይገናኛሉ፣ ርዝመታቸው ግን እኩል ሊሆን ይችላል። በመንገዱ ጆሮ ሲሰማ ግን ግራና ቀኝ ያሉትም ይተያያሉና «ትይዩ ያልሆኑት» የሚባሉት ጨርሶ አይገኙም። ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ አንብቦ የሚተወው ሂሳቡ ከብዶት አይደለም። የደንበኛዎ ትእዛዝ ግን በሁለቱም ጆሮ ተመሳሳይ ውጤት አለው፤ የሚተያዩትም ይሁኑ የማይገናኙት ጎኖቹ እኩል ከሆኑ የሚገኘው ፓራሌሎግራም ነው፤ ፊት ለፊት ያሉ ጎኖቹ እኩልም የማይገናኙም የሆኑ ጎነ አራት ማለት። ፓራሌሎግራም ደግሞ ፊት ለፊት ያሉ ማዕዘናቱ እኩል፣ ተጎራባቾቹ ድምራቸው 180 እንዲሆን እንጂ 90 እንዲሆኑ አይገደድም። 92፣ 88፣ 92፣ 88 ይህን ሁሉ ያሟላል። ሠራተኛዎ የታዘዘውን ፓራሌሎግራም በሚገባ ሠርቶ አስረክቧል ማለት ነው፤ ደንበኛው የፈለገው ግን ያንን አልነበረም።

የጎደለው ስንት ቃል ነበር? ሦስት። «አንዱ ማዕዘን 90» ብሎ ቢጨምር ይበቃው ነበር። ተቃራኒ ጎኖቹ እኩል መሆናቸው አስቀድሞ ስለተነገረ አንዱ ጥግ 90 ከሆነ ጎረቤቱ 180 ለመሙላት 90 ይሆናል፣ ፊት ለፊቱም እንዲሁ። ስለ ጎኖቹ ምንም ካልተነገረ ግን አንዱ ጥግ አይበቃም፤ ሦስቱ 90 መሆናቸው መነገር አለበት፣ አራተኛው ከ360 ላይ ራሱ ይወጣል። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ «የመስኮት ፍሬም፣ ሬክታንግል፣ ወርድ 120 ሴ.ሜ፣ ቁመት 150 ሴ.ሜ፣ ሰያፍ 192.1 ሴ.ሜ።» ወርድና ቁመት በስም መጠራታቸው ትርፍ አይደለም። «120 በ150» ብቻ ሲባል የቱ እንደሚቆምና የቱ እንደሚተኛ «በ» አይናገርም፤ ተኝቶ የተሠራ መስኮትም በዚህ ይመጣል። ሰያፉ መጻፉ ደግሞ ለሠራተኛው መመርመሪያውን አብሮ መስጠት ነው።

ስለ 90 ካነሳን «ቀጥ ያለ ማዕዘን» የሚለውን አገላለጽ አይጠቀሙ። «ቀጥ ያለ» መስመር ያልተጣመመ ነው፤ ማዕዘኑ ቀጥ ካለማ 180 ሆኖ መስመር ሆነ ማለት ነው። መጻሕፍቱ «ቀጤ ማዕዘን» ይላሉ፤ ወርክሾፑ «ዘጠና» ወይም «ስኳድራ» ይላል። ሦስቱም ደህና ናቸው፣ ማንም አይሳሳትባቸውም። አንዳንድ ጸሐፊዎች ጥጉን «ማዕዘን»፣ በሁለቱ ጎኖች መካከል ያለውን ክፍተት ደግሞ «ዘዌ» ብለው ይለያሉ። ልዩነቱ ይጠቅማል፤ አንባቢው ቃሉን የማያውቀው ከሆነ ግን አንድ ችግር በሌላ መተካት ይሆናል።

«ካሬ» ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በጂኦሜትሪ አራት እኩል ጎንና አራት ቀጤ ማዕዘን ያለው ምስል ነው። በቦታ ገበያ ግን «200 ካሬ» ሲባል የስፋት መስፈሪያ ነው፣ ካሬ ሜትር ማለት፤ ቦታው ረጅምና ቀጭን ሊሆን ይችላል፣ አንገቱ የጠበበ ሊሆን ይችላል፣ «ካሬ» መባሉ ቅርጹን አይነካም። ደላላውም ገዢውም እዚህ ላይ አይጋጩም። የሚጋጩት ሌላ ቦታ ነው፦ ጎኖቹን ለክቶ ማባዛቱ ላይ። ሁለቱ አጫጭር ጎኖች 10 ሜትር፣ ሁለቱ ረጃጅሞች 20 ሜትር የሆነ ቦታ «10 በ20፣ 200 ካሬ» ይባላል። ጥጎቹ 90 ከሆኑ ልክ ነው፤ ሰያፉም 22.36 ሜትር ይመጣል። ሰያፉ ተለክቶ 24 ሜትር ቢሆንስ? ያኔ ቦታው የተዛነፈ ነው። በሰያፉ ሁለት ሦስት ማዕዘን አድርጎ ማስላት ነው፦ 10፣ 20 እና 24 ተደምረው 54፣ ግማሹ 27፤ ከ27 ላይ እያንዳንዱን ጎን ሲቀንሱ 17፣ 7፣ 3፤ አራቱን ሲያባዙ 9639፤ ካልኩሌተር ላይ ስኩዌር ሩቱ 98.18። ይህ ግማሹ ነው፤ ሙሉው 196.4 ካሬ ሜትር። ሦስት ካሬ ተኩል አየር ላይ ተሸጠ ማለት ነው። አራቱ ጎኖች የተለያዩ ሲሆኑ ፊት ለፊት ያሉትን አማክሎ ማባዛትም የተለመደ ነው፤ ይህ ስሌት ጥጎቹ 90 ካልሆኑ በቀር ሁልጊዜ ከእውነተኛው ያበዛል እንጂ አንድም ጊዜ አያሳንስም። ለሻጭ የሚያደላ ስሌት ነው።

መሠረት ሲወጣም ያው ነው። ችካልና ሲባጎ ይዘው ጥጉን «በ3፣ 4፣ 5» የሚያወጡ ግንበኞች ልክ ናቸው፤ በአንዱ ሲባጎ ላይ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ምልክት ተደርጎ በምልክቶቹ መካከል 5 ሜትር ከመጣ ጥጉ 90 ነው። ግን 5 ሜትር ከ5 ሴንቲ ሜትር መጥቶ «ምንም አይደል» ከተባለ ጥጉ 91 ዲግሪ አልፏል፤ ያ ሲባጎ 20 ሜትር ሲሄድ ጫፉ 42 ሴንቲ ሜትር ያህል ስቷል። የሰፈሩ አጥር ሁሉ እርስ በርስ የሚጣላው በዚች 5 ሴንቲ ሜትር ነው። ቦታው ከበቃ 6፣ 8፣ 10 መጠቀም ይሻላል፤ የእጅ ስህተቱ ያው ሆኖ ማዕዘኑ ላይ የሚያመጣው ጥፋት በግማሽ ይቀንሳል። «ስፋት» የሚለውም ቃል በዚሁ ሥራ ላይ ሁለት ፊት አለው፤ በትምህርት ቤት ወርድ በርዝመት ተባዝቶ የሚገኘው ነው፣ በቤት ግን «የክፍሉ ስፋት 4 ሜትር» ይባላል፣ ወርዱን ማለት ነው። ከቁጥሩ ኋላ «ሜትር» ነው «ካሬ» የሚለውን ካዩ አይሳሳቱም።

አሁን ልጅዎ። «ካሬ ሬክታንግል ነው» የሚለው ለጆሮ የሚከብደው «ነው» በአማርኛ ሁለት ሥራ ስለሚሠራ ነው። «የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ሐዋሳ ነው» ስንል ሁለቱ ወገኖች አንድ ነገር ናቸው፤ ገልብጠን «ሐዋሳ የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ነው» ብንልም ያው ነው። «ቆሮሶ ዓሣ ነው» ስንል ግን ቆሮሶን ዓሣ ከሚባለው ወገን ውስጥ እየመደብነው ነው፤ ቢገለበጥ ይፈርሳል፣ ሐይቁ ውስጥ አምባዛም አለና። እርስዎ የልጅዎን ዓረፍተ ነገር የሰሙት እንደ መጀመሪያው ነው፤ እሷ የጻፈችው እንደ ሁለተኛው። ሬክታንግል ለመባል የሚጠየቀው አራት ጎንና አራት ቀጤ ማዕዘን ብቻ ነው። «ጎኖቹ ይለያዩ» የሚል ቅድመ ሁኔታ የለም። ካሬ ሁለቱንም ያሟላል፣ ከዚያ በላይም አራቱ ጎኖቹ እኩል ናቸው። እንዲያውም ካሬ ሮምበስም ነው፤ ሮምበስ የሚጠይቀው አራት እኩል ጎን ብቻ ስለሆነ። ሬክታንግሉም ሮምበሱም ደግሞ ፓራሌሎግራም ናቸው። ካሬ ከሁለቱም ወላጆቹ ወርሷል፦ ከሬክታንግል የሰያፎቹን እኩልነት፣ ከሮምበስ ሰያፎቹ በ90 ዲግሪ መቋረጣቸውን። ልጅዎ ለጆሮም እንዲስማማ ማድረግ ከፈለገች «ካሬ ሁሉ ሬክታንግል ነው፤ ሬክታንግል ሁሉ ግን ካሬ አይደለም» ብላ ትጻፍ። «ሁሉ» የምትለዋ ቃል «ነው»ን ከሁለት ሥራው አንዱ ላይ ትቸነክረዋለች።

ትራፒዚየም ላይ መጻሕፍት ራሳቸው አይስማሙም። አንዳንዱ «አንድ ጥንድ ትይዩ ጎን ብቻ ያለው» ይላል፣ አንዳንዱ «ቢያንስ አንድ ጥንድ»። በመጀመሪያው ብያኔ ፓራሌሎግራም ትራፒዚየም አይደለም፣ በሁለተኛው ነው። ለፈተና የሚያዋጣው ክፍል ውስጥ ያለው መጽሐፍ የሚለው ነው፤ ዋናው ነገር «ብቻ» እና «ቢያንስ» የሚሉትን ቃላት ዘልሎ አለማንበብ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሴራሚክ ንጣፍ ጋር ስለሚመጣ። 40 በ40 የሆነችውን ሴራሚክ በሰያፍ ሲያነጥፏት «ሮምበስ ሆነች» የሚሉ አሉ። አልሆነችም፣ ወይም በትክክል ለመናገር ከመጀመሪያውም ነበረች። መዞር ጎንም ማዕዘንም አይለውጥም። የሚለወጠው ወለሉ ላይ የምትይዘው ወርድ ነው፤ ከጥግ እስከ ጥግ 56.6 ሴንቲ ሜትር ስለሆነች ግድግዳው ዳር ብዙ ቁራጭ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፣ ብክነቱም ይጨምራል።

የፊደሉ ነገር፦ ማዕዘን በብዛት የሚጻፈው በዐይኑ ስለሆነ በ«ዕ» መጻፉ ይመረጣል። «ማእዘን» ብሎ የጻፈ ሰው በድምፅ ደረጃ አልተሳሳተም፤ አማርኛ ሁለቱን አይለያቸውምና። አንድ ገጽ ላይ ሁለቱንም መቀላቀል ግን አያምርም። የልጅዎ ደብተር በ«ዕ» ከሆነ እርስዎም ያንኑ ይያዙ፤ የሰረዙባትን መስመርም በዚያው እርሳስ ደግመው ይጻፉላት።